ብዕር ከመነሣቱ በፊት

የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በመምህሩ ፊት ከማቅረቡ አስቀድሞ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ መስክ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ይሄድና ብቻውን ሲቆጥር ይውላል። በዚያን ሰዓት የሚያየው መንገደኛ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሊመስለው ይችላል። ተማሪው ግን ቃልን ከቃል እያጋጠመ፣ ምሥጢሩን እየመረመረ፣ የማይሆነውን እየጣለ፣ የሚሆነውን እያነሣ በሥራ ላይ ነው። በመምህሩ ፊት ቆሞ የሚናገራቸው ጥቂት ቤቶች በመስክ ብዙ የተደከመባቸው ናቸው። ሳይቆጥር የመጣውንም ተማሪ መምህሩ ገና አፉን ሲከፍት ያውቀዋል።

በዘመናዊው ትምህርት ውስጥ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አንድ ሥራ አለ። ይኸውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመጀመሪያውን ዲግሪ ከመቀበሉ በፊት በአንድ ጉዳይ ላይ ራሱ መርምሮ የሚያቀርበው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። በብዙ አገሮች በማዕርግ ለመመረቅ የሚፈልግ ተማሪ ይህን ጽሑፍ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ጽሑፍ በተነሣ ቁጥር ብዙዎች የሚጠይቁት የገጹን ብዛት፣ የሚቀርብበትን ቀንና የሚያስገኘውን ውጤት ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናመለክት የምንፈልገው ብዕር ከመነሣቱ በፊት ስላሉት ወራት ነው። የጽሑፉ ዋጋ የሚወሰነው በእነዚያ ወራት ነውና፤ ይህም ከዚህ በታች ከምንተርከው ታሪክ በግልጽ ይታያል።

ልማዱ ከየት እንደ መጣ አስቀድሞ መናገር ይገባል። በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1800 ዓመት ባወጣው የፈተና ደንብ፣ ከተራው ተመራቂ ልቆ ለተገኘው ተማሪ የማዕርግ ምረቃ ደነገገ። ያ ማዕርግ ግን የሚገኘው በፈተና ነበርና ተማሪው የሚጠየቀው ሌሎች የጻፉትን ምን ያህል እንዳወቀ ነበር። ተማሪው ራሱ መርማሪ ይሁን የሚለው አሳብ የተስፋፋው ከጀርመን አገር ነው። ሌዎፖልድ ፎን ራንከ የተባለው የታሪክ ሊቅ በ1825 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረ በኋላ፣ ጥቂት ተማሪዎችን በአንድ ጉባኤ እየሰበሰበ የቆዩ ሰነዶችን ያስመረምራቸው ነበር። ይህን የጻፈው ማን ነው? በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ከሌላ ሰምቶ? ሌላ ምስክርስ ይደግፈዋልን? የሚለው ምርመራ የታሪክ ተማሪ ዋና ሥራ ሆኖ የተቆጠረው ከዚያ ወዲህ ነው። ራንከ ራሱም ከ1827 እስከ 1831 ድረስ በቪየና፣ በቬኒስና በሮማ እየተዘዋወረ የቬኒስ መልእክተኞች ለመንግሥታቸው የጻፉትን ሪፖርት ሲያነብ መኖሩ የታወቀ ነው።

ይህ የምርመራ ጉባኤ በ1876 በተከፈተው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በኩል በአሜሪካ ሥር ሰደደ። በመጀመሪያ ለከፍተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የተወሰነ ሲሆን፣ ወደ መጀመሪያው ዲግሪ ተማሪ በሰፊው የወረደው ግን በሃያኛው ምዕት ዓመት ነው። በኦሬገን ግዛት ያለው ሪድ ኮሌጅ በ1915 ካስመረቃቸው የመጀመሪያ ተማሪዎቹ ጀምሮ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠይቅ ነበር። ፍራንክ አይደሎት የተባለው ምሁር በኦክስፎርድ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ የስዋርትሞር ኮሌጅ ፕሬዚዳንት በሆነ ጊዜ፣ በ1922 የማዕርግ ትምህርት የተባለውን መርሐ ግብር አቋቋመ። በዚህም ትጉ ተማሪዎች ከብዙ ሰው ጋር ተቀምጠው ንግግር መስማታቸው ቀርቶ በጥቂቶች ጉባኤ የራሳቸውን ጥናት እያቀረቡ እንዲከራከሩ፣ በመጨረሻም ከሌላ ትምህርት ቤት በመጡ ፈታኞች እንዲመረመሩ ተደረገ። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲያቀርቡ ደነገገ። እንዲህ እያለ፣ ሃያ ዓመት አልፎት ብዙም ያልራቀ ወጣት፣ ለአንድ ጥያቄ በራሱ ስም መልስ የመስጠት ኃላፊነት ተጣለበት።

ይህ ኃላፊነት እንዴት እንደሚከብድና ዝግጅቱ ጽሑፉን እንዴት እንደሚወስነው ለማየት አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በዮሐንስ ኬኔዲ፣ በእንግሊዝኛው አጠራር በጆን ኬኔዲ ስም የተሰየመው ቤተ መጻሕፍት አለ። ብዙ ትውልድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ የተቀመጠው በዚያ ቤት ነው። ኬኔዲ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እንደ ነበረ ሁሉ ያውቃል። እርሱም በተራው በ22 ዓመቱ በሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያዘጋጅ መክረሙን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ኬኔዲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከመሆኑ በፊት በ1939 አውሮፓን ዞሮ ነበር። አባቱ በለንደን የአሜሪካ አምባሳደር ስለ ነበረ፣ ሌላ ተማሪ የማይደርስበት በር ለእርሱ ክፍት ነበር። ሶቪየት ኅብረትን፣ የባልካንን አገሮች፣ ፍልስጥኤምንና ጀርመንን ጎብኝቶ፣ በመስከረም 3 ቀን 1939 እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ በለንደን ፓርላማ ተገኝቶ ንግግሩን ሰምቷል። ወዲያውም አቴንያ የተባለችው መርከብ በጀርመኖች በሰጠመች ጊዜ፣ ከሞት የተረፉትን አሜሪካውያን እንዲያነጋግር አባቱ ወደ ግላስጎው ላከው። በዚያ መከር ወደ ሃርቫርድ የተመለሰው ወጣት እንግዲህ ብዙ ያየና ብዙ የሰማ ነበር። ሆኖም ማየትና መስማት ብቻውን ጽሑፍ አይሆንም፤ ጥያቄ ያስፈልገዋል።

በዚያን ጊዜ በሰው ሁሉ አፍ የነበረው በ1938 በሙኒክ የተደረገው ስምምነት ነበር። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቼምበርሌን ለሂትለር መንገድ ለቀቀ እየተባለ ይወቀስ ነበር። ኬኔዲ ጥያቄውን ከዚህ ወቀሳ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መለሰው። ቼምበርሌን ወደ ሙኒክ ሲሄድ አገሩ ለጦርነት ያልተዘጋጀችው ለምንድን ነው? ሕዝቡ፣ የፖለቲካ ማኅበራቱ፣ ፓርላማውና የገንዘብ ሚኒስቴሩ በቀደሙት ዓመታት ምን ይሉና ምን ያደርጉ ነበር? ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው እንዲህ በተለወጠ ጊዜ ማስረጃውም ተለወጠ። ስለ አንድ ሰው ጠባይ የሚናገረው ወሬ ዋጋው አነሰና የፓርላማው ክርክር፣ የበጀቱ አኃዝ፣ የጋዜጦቹ ርእሰ አንቀጽ፣ የማኅበራቱ ጽሑፍ ተፈላጊ ሆነ። ከእነዚህም በሃርቫርድ የማይገኘውን በለንደን የአሜሪካ ኤምባሲ የሚሠራ አንድ ባለሥልጣን እየሰበሰበ ይልክለት ነበር።

ጽሑፉ በ1940 በመጋቢት ወር ገደማ ተፈጽሞ ቀረበ። ቀኑ ስለ ደረሰ የመጨረሻውን ቅጂ የሚያዘጋጁ ጸሐፊዎች እስከ መቅጠር ተደርሶ ነበር። ውጤቱም መልካም ነበር። ነገር ግን ከፈታኞቹ አንዱ ያስቀመጠው ማስታወሻ ለማንኛውም ተማሪ ትምህርት የሚሆን ነው። ጽሑፉ የቆመበት መሠረታዊ አሳብ ራሱ አልተመረመረም፣ ነገሩም ረዝሟል፣ ተደጋግሟል የሚል ነበር። እንግዲህ ያን ያህል ሰነድ ከባሕር ማዶ የመጣለት፣ ያን ያህል አገር ያየ ወጣት የተነቀፈው በማስረጃ እጥረት አልነበረም። ጉድለቱ በዝግጅቱ ወራት ቁጭ ብሎ፣ እኔ እውነት ነው ብዬ የተነሣሁበት ነገር በእርግጥ እውነት ነውን? ብሎ ራሱን በበቂ አለመጠየቁ ነበር። በሐምሌ ወር ጽሑፉ ታርሞና ተስፋፍቶ «እንግሊዝ ለምን አንቀላፋች» በሚል ርእስ በመጽሐፍ ወጣ። ፈረንሳይ ከወደቀች አንድ ወር ያህል ብቻ ስለ ነበረ የገዢው ብዛት ከፍ ያለ ሆነ። የገበያ መሳካት ግን የፈታኙን ነቀፋ አይሽረውም። ሁለቱም በየቦታቸው እውነት ናቸው።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገር እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ጥሩ ጥያቄ ከሌላው ሰው ወቀሳ ወይም ምስጋና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የማስረጃ ብዛት የመሠረቱን ጉድለት የማይሸፍን መሆኑ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ታሪክ ጸሐፊ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት በእኛ ዘንድ ዩኒቨርሲቲ ከመከፈቱ ብዙ ቀደም ብሎ ተነግሯል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በፈረንጆች 1912 በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው፣ ለታሪክ ጸሐፊ ሦስት ስጦታዎች እንደሚያስፈልጉት አመልክተዋል። እነርሱም በአጭሩ ሲገለጹ ያለፈውን ነገር አስተውሎ ማየት፣ ሳያዳሉ መፍረድ፣ ያዩትንና የፈረዱትንም በጠራ ቋንቋ ማስረዳት ናቸው። አንባቢ እንደሚያስተውለው ከሦስቱ ሁለቱ የዝግጅት ሥራዎች ናቸው። ብዕር የሚገባው በሦስተኛው ነው።

በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲነት ከፍ ሲል፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የትምህርት ስፍራ ሆነ። በፈረንጆች 1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በዚያው ግቢ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዲሬክተሩም ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነበሩ። ብራናውና መጽሐፉ በአንድ ጣሪያ ሥር መሰብሰብ ጀመረ። ታደሰ ታምራትን፣ ሥርግው ሀብለ ሥላሴንና መርዕድ ወልደ አረጋይን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን የታሪክ ሊቃውንትም የአገራቸውን ታሪክ በከፍተኛ ደረጃ መርምረው በማስተማር ላይ ተሰማሩ። ከዚህ በኋላ የታሪክ ክፍል ተማሪ ለምረቃው የሚያቀርበው ጽሑፍ ከፈተና መልስ የተለየ ነገር ሆነ።

የአዲስ አበባው ተማሪ ዝግጅት ከኬኔዲ ዝግጅት እጅግ የራቀ ነበር። አምባሳደር አባት የለውም፤ ሰነድ የሚልክለት ኤምባሲ የለውም። ሊጽፍ ስላሰበው ስለ አንድ ከተማ፣ ስለ አንድ ገበያ ወይም ስለ አንድ የጦር አለቃ ብዙውን ጊዜ የታተመ መጽሐፍ ፈልጎ አያገኝም። ያለው ከክፍሉ የተሰጠው የትብብር ደብዳቤ፣ አንድ ደብተር፣ ለአውቶቡስ የሚበቃ ገንዘብና የክረምቱ ዕረፍት ነበር። በዚህ ሁሉ ድኽነት ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ሀብት ነበረው፤ እርሱም የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት መኖራቸው ነው። በዓድዋ ዘመቻ በ1888 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው በ1962 ዓ.ም. 89 ዓመቱ ነው። በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የ20 ዓመት ወታደር የነበረው ደግሞ ገና 54 ዓመቱ ነው። ተማሪው ሊጠይቀው ይችላል፤ ነገም ተመልሶ ሊጠይቀው ይችላል።

ይህን ሀብት በአግባቡ ለመጠቀም ግን ሥርዐት ያስፈልግ ነበር። ቤልጂጋዊው ያን ቫንሲና በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ የአፍሪካ የቃል ታሪክ እንደ ጽሑፍ ሰነድ ሁሉ በምርመራ ሊፈተን እንደሚችል አሳይቶ ነበርና፣ አሳቡ በየዩኒቨርሲቲው ይነገር ነበር። ለእኛ አገር ሰው ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ችሎታችን በላ ልበልሃ ሲባል ከሳሽና ተከሳሽ እየተጠያየቁ፣ ምስክርም ቆሞ እየተመረመረ እውነቱ እንዲወጣ ይደረግ ነበር። ምስክሩ ሽማግሌ ስለ ሆነ ብቻ፣ ወይም ንግግሩ ስላማረ ብቻ ቃሉ አይጸድቅለትም ነበር። ለታሪክ ተማሪም ነገሩ እንዲሁ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን አርበኛ ነበርኩ ያለ ሁሉ አርበኛ አልነበረም። ርስት የሚከራከር ሰው ስለ አያቱ የሚናገረውም ከክርክሩ ነጻ አይሆንም። ስለዚህ ተማሪው አንዱን ነገር ከሁለትና ከሦስት ሰው፣ ይልቁንም ጥቅማቸው ከማይገናኝ ሰዎች እንዲጠይቅ ይመከር ነበር።

ከዚህም የተነሣ በታሪክ ክፍሉ የመመረቂያ ጽሑፎች መጨረሻ ላይ አንድ የተከበረ ልማድ ይታያል። ቃላቸውን የሰጡት ሰዎች ስም፣ ዕድሜያቸው፣ የተጠየቁበት ቦታና ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም የቃላቸው ታማኝነት ምን ያህል እንደ ሆነ የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ በዝርዝር ይቀመጣል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ከዚያ ዝርዝር በስተጀርባ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌላውም የአገራችን ቋንቋ የተደረገው ንግግር አለ። ዛሬ ያን ዝርዝር የሚያነብ ሰው እነዚያ ሽማግሌዎች ሁሉ ማለፋቸውን ያውቃል። ከአንዳንዶቹም ሌላ የተጻፈ ቃል የለምና፣ የሃያ ሁለት ወይም የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ በደብተሩ የያዘው ብቻ ቀርቷል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በፈረንጆች 1991 ባሳተሙት የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ እነዚህን የመመረቂያ ጽሑፎች በማስረጃነት ተጠቅመውባቸዋል። ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጠው የታሪክ ትምህርት በ1972 ዓ.ም. ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ የአገር ቤቱን ምርመራ የተሸከሙት ከሁሉ ይልቅ እነዚህ የወጣቶች ሥራዎች ነበሩ።

እኛም በተማሪነታችን ከዚህ ሥራ የደረሰብንን አንድ ነገር ብንናገር አንባቢ ይታገሠናል። በመጀመሪያ ለመምህራችን ያቀረብነው ርእስ የኢትዮጵያ ንግድ ታሪክ የሚል ነበር። መምህራችን ወረቀቱን አንብበው ሲያበቁ፣ «ይህን የሚጽፍ ሰው ስንት ዓመት ይኖራል?» ብለው ጠየቁን። በመጨረሻም ርእሱ እየጠበበ ሄዶ በአንድ የገጠር ከተማ አጠገብ የነበረ አንድ ኬላ ሆነ። በዚያ ኬላ ቀረጥ ሲቀበሉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በሕይወት እንዳሉ ሰማንና በክረምት ሄደን አገኘናቸው። ግማሽ ቀን አጫወቱን። ስለ ጨው አሞሌ፣ ስለ ቡናና ስለ ቆዳ ነገሩን። ሒሳቡን ማን ይጽፈው እንደ ነበርና ደብተሩ የት እንደ ገባ በጠየቅናቸው ጊዜ ግን ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ አዘንብላ ነበር። «ልጄ፣ እሱ ነገር ረዥም ነው፤ ነገ ና» አሉን። እኛ ግን በማግሥቱ የሚሄድ መኪና ስላገኘን፣ ከፋሲካ በኋላ ተመልሰን እንጠይቃለን ብለን ሄድን።

ከፋሲካ በኋላ ስንመለስ ባለቤታቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘናቸው። ከማኅበር እስከ ሰንበቴ የሚያውቋቸው ሁሉ ሽማግሌውን ከቀበሩ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። እማማ እኛን ባዩ ጊዜ፣ «ያ የሚጽፈው ልጅ መጣ» ብለው አለቀሱ። ቀጥለውም፣ «ሁለት ቀን ጠብቀውህ ነበር፤ የሚነግርህን ነገር እያስታወሱ ለእኔ ሲነግሩኝ ነበር» አሉን። ምን እንደ ነገሯቸው ስንጠይቃቸው፣ «እኔ የኬላ ነገር ምን አውቄ» አሉ። ጽሑፋችን ተቀባይነት አግኝቶ ተመርቀናል። ሒሳቡን ማን ይጽፈው እንደ ነበርና ደብተሩ የት እንደ ገባ ግን እስከ ዛሬ አናውቅም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለውን የአባቶች አነጋገር ያን ቀን በሚገባ ተረዳነው።

እንግዲህ ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣ ተማሪ ምን ያድርግ? ከላይ ከተተረከው ታሪክ የምናገኘው ምክር አጭር ነው። በመጀመሪያ ርእሱን ያጥብበው። ጠባብ ርእስ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ስለ አንድ ኬላ በእርግጥ ያወቀ ሰው ስለ አገሩ ንግድ አንድ የማይናወጥ ነገር ጨምሯል። ቀጥሎ ጥያቄውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፈውና፣ ይህ ጥያቄ የቆመው በምን ላይ ነው? ያ መሠረትስ ተመርምሯልን? ብሎ ራሱን ይመርምር። ከዚያም ከእርሱ በፊት የተጻፈውን፣ ይልቁንም በዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ያለውን የቀደሙት ተማሪዎች ሥራ ያንብብ። ሰነድ ባነበበ ጊዜ የተገኘበትን ቦታና ቀኑን ወዲያው ይጻፍ፤ በኋላ እጽፈዋለሁ የተባለ ነገር የሚጠፋ ነገር ነውና። በመጨረሻም በዕድሜ የገፋውን ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። መጽሐፉ ይጠብቀዋል፤ ሽማግሌው ላይጠብቀው ይችላል። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት አልፏል። የዓድዋና የማይጨው ምስክሮች እንዳለፉ፣ የዚህኛውም ዘመን ምስክሮች በየቀኑ በማለፍ ላይ ናቸው።

ለመምህራንም የምንለው አለን። ተማሪው የጻፈውን ማረም መልካም ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ከመጻፉ በፊት ያደረገውን መጠየቅ ነው። ደብተሩን አሳየኝ፣ ማንን ጠየቅህ፣ የሚቃረን ቃል የሰጠህ ማን ነው፣ ከሁለቱ አንዱን የመረጥህ በምን ምክንያት ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህ ነገር በዛሬው ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። የሌላውን ሥራ በገንዘብ ገዝቶ ማቅረብ አንዱ በሽታ ነው። ከዚህም በላይ ሲጠየቅ በቅጽበት ያማረ ጽሑፍ የሚያወጣ የኮምፒዩተር መሣሪያ በየተማሪው እጅ ገብቷል። መሣሪያው ለብዙ ሥራ ይጠቅም ይሆናል። ሆኖም በአንድ የገጠር ከተማ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ቃሉ በየትም ያልተጻፈውን ሽማግሌ ሊጠይቅ አይችልም። መምህሩ የሚመዝነው የተጻፈውን ብቻ ከሆነ የቆጠረውንና ያልቆጠረውን መለየት አይቻለውም፤ ዝግጅቱን ከመዘነ ግን ወዲያው ይለያል።

በየመሥሪያ ቤቱ ላሉት ሹማምንትና የመዝገብ ቤት ሠራተኞችም አንድ ቃል እንጨምር። አንድ ተማሪ የትብብር ደብዳቤ ይዞ በደጃችሁ ሲቆም፣ ነገ ተመለስ ማለት ቀላል ነው። ዛሬ ለእናንተ ቦታ ያጣበበ የሚመስለው የአሮጌ መዝገብ ክምር፣ ለእርሱ ከሽማግሌው ቃል ጋር የሚመዝነው ሁለተኛ ምስክር ነው። ያን መዝገብ አቧራውን አራግፎ ማሳየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ማቃጠል ወይም ለመጠቅለያ መሸጥ ግን ማንም የማይመልሰው ጥፋት ነው። የኬላውን የሒሳብ ደብተር ባሰብን ቁጥር፣ ምናልባት ከአንድ መሥሪያ ቤት ጓዳ ውስጥ ዛሬም ተቀምጦ ይሆን? እያልን እንመኛለን።

የቅኔው ተማሪ በመስክ ሲውል ሥራ ፈት የሚመስለው፣ የሚሠራው ሥራ ስለማይታይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጀውም ወጣት እንዲሁ ነው። በአውቶቡስ ተሳፍሮ ሲሄድ፣ በሽማግሌ ደጅ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ በቤተ መጻሕፍት አንዲት ወረቀት ሲፈልግ ቀኑ ሲመሽበት፣ አንድም ገጽ ሳይጽፍ ወራት ያልፉ ይሆናል። ወላጆቹም፣ ጓደኞቹም፣ አንዳንድ ጊዜ እርሱ ራሱም ጊዜው ባከነ ብለው ይጨነቃሉ። አይጨነቁ። ቀኑ ሳይመሽ የሚጠየቁትን ጠይቆ ከተመለሰ፣ ብዕሩን ባነሣ ጊዜ የሚጽፈው ነገር አያጣም።